ባትሪውን ከመግዛታችሁ በፊት ምሽቱን ቁጠሩት

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምስት የሥራ ባልደረቦች ነን፤ ማራኪ አካባቢ ነው የምንኖረው። በወር አንዴ ቅዳሜና እሁድን ከከተማ ወጣ ብለን ድንኳን ተክለን ማደር ጀምረናል። ጎርጎራ ሁለቴ አድረናል። በመጪው ጥቅምት ደግሞ ስሜን ተራሮች፣ ሳንቃበር ላይ፣ ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ባለፈው ጊዜ አምፖላችንን በፓወር ባንክ ነበር ያበራነው፤ ስልካችንንም በዚያው እየሞላን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ድርግም አለና ራታችንን በስልክ ብርሃን በላን። አሁን አዋጥተን አንድ ደህና ነገር ልንገዛ ነው፤ ግን መስማማት አልቻልንም። አንዱ ጓደኛችን አራዳ ገበያ “50 ሺህ ሚሊአምፒር” የሚል ፓወር ባንክ አይቷል። ሌላው የመኪና ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ይሻላል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ወንድሜ ከዱባይ ስለሚመጣ ባለ 300 ዋት ሰዓቱን ትልቁን ፓወር ስቴሽን በሻንጣው ይዞልን ይምጣ ባይ ነኝ። የትኛውን እንያዝ?

ድንኳን ተካይዋ፣ ከጎንደር

እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ይመስገነው። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሳዘነኝ ራታችሁ ነው። ሽሮ ቢሆን ግድ የለም፣ እጅ መንገዱን ያውቀዋል። ጎርጎራ ድረስ ሄዶ ግን ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ ሰው የለም። ዓሣ ደግሞ በጨለማ አይበላም፤ አጥንቱ አያስቀልድም።

ወደ ነገሩ ልግባ። በእኛ አነጋገር “ባትሪ” የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። በእጃችን ይዘን የምናበራውም ባትሪ ነው፤ ኃይል አጠራቅሞ የሚሰጠውም ባትሪ ነው። ድሮ ይህ አያምታታም ነበር። የሚያበራው “ባትሪ”፣ ውስጡ የሚገባው “ድንጋይ” ነበር። “ባትሪው አለ፣ ድንጋዩ ደክሟል” ይባል ነበር። እናንተ ሦስታችሁም የተከራከራችሁት ስለ ድንጋዩ ነው። ስለሚበራው ነገር፣ የት እንደሚሰቀል፣ ስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ስለዚህ ግዢውን ለጊዜው ተዉትና ምሽቱን እንቁጠረው።

ጥቅምት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ተራራ ላይ ብርዱ ቶሎ ስለሚገፋችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ውጭ የሚቀመጥ አይኖርም። እንግዲህ 4 ሰዓት መብራት ያስፈልጋችኋል። አምስት ሰው ከብቦ ለመብላትና ለመጨዋወት አንድ ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል፤ እንዲያውም ሙሉውን ካበራችሁት ዓይን ይወጋል። 5 ዋት ለ4 ሰዓት ሲበራ 20 ዋት ሰዓት ይበላል። በሁለቱ ድንኳን ውስጥ አንዳንድ ዋት የምትወስድ ትንሽ መብራት ለአንድ ሰዓት ብታበሩ 2 ዋት ሰዓት ጨምሩበት። በአንድ ሌሊት 22፣ በሁለት ሌሊት 44። አለቀ። የሁለት ሌሊት መብራታችሁ ይህችው ናት።

አሁን ስልኩን ቁጠሪው። የዛሬ ስልክ በብዛት 5,000 ሚሊአምፒር ገደማ ባትሪ አለው። በዋት ሰዓት ሲሰላ 19 ይሆናል። አምስት ስልክ አንድ አንድ ጊዜ ለመሙላት 95 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ገመድ ላይ የሚባክነውን ሳንቆጥር። የሁለት ሌሊት መብራታችሁን ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ጎርጎራ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ድርግም ያላችሁ ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ? አምፖሏ ንጹሕ ናት። ባትሪውን የጨረሱት ፎቶ ሲያነሱ የዋሉት ስልኮች ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ምንም ብር አያስወጣም። መብራቱ የራሱ ፓወር ባንክ ይኑረው፤ ስልክ አይሰካበት። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ “የመብራት” ብላችሁ ጻፉበት። ስልክ መሙላት የፈለገ የራሱን ይዞ ይምጣ። ይህቺ ጉዳይ ከባትሪ ይልቅ የጓደኝነት ጉዳይ ናት፤ ከመንገድ በፊት ተነጋገሩባት።

አሁን ስለ መጠኑ። ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ሚሊአምፒር ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። ወደ ዋት ሰዓት ቀይሪው፦ ቁጥሩን በ1,000 አካፍዪና በ3.7 አባዢ። 20 ሺህ የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ውስጡ ያለው ነው። ወደ ዩኤስቢ ሲወጣ በለውጡ ላይ የሚባክን አለ፤ ስለዚህ በእጅሽ የሚገባው 60 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ለብርድ ሩቡን ተዪለት፤ 45 ይቀርሻል። የምትፈልጉት 44 ነበር። ጫፍ ላይ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ከራት በኋላ አምፖሉን ወደ ግማሽ ዝቅ ካደረጋችሁት ይተርፋል። እኔ የምመክርሽም ይህንኑ ነው፤ ለመብራት አንድ እውነተኛ 20 ሺህ።

“እውነተኛ” ያልኩት በምክንያት ነው። ጓደኛሽ አራዳ ያየው 50 ሺህ በእርግጥ 50 ሺህ ከሆነ ውስጡ 185 ዋት ሰዓት አለ ማለት ነው። በብዛት የሚሠራባት ያቺ ክብ የሊቲየም ሴል፣ አውራ ጣት የምታክለዋ፣ ምርጧ 3,500 ሚሊአምፒር ገደማ ትይዛለች፤ ክብደቷ ደግሞ ወደ 46 ግራም ነው። ለ50 ሺህ ከ14 በላይ ሴል ያስፈልጋል። ሴሎቹ ብቻ ከ650 ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ ሽፋኑንና ሌላውን ስትጨምሪ ወደ ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ገበያ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ዕቃውን ይዛችሁ ቡና ወይም በርበሬ ከምትሸጠዋ ሴት ዘንድ ጠጋ በሉና “እናቴ፣ ይቺን መዝኑልን” በሏት። ትስቅባችኋለች፤ ትሳቅ። 300 ግራም ካለ ያ ዕቃ 50 ሺህ ሊሆን አይችልም። እውነተኛ 20 ሺህ ከ350 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ሻጩ አላስመዝንም ካለም መልሱን አገኛችሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት “30 ሺህ” የሚል ገዛሁ። ማታ ሰካሁት፣ በአንድ ሰዓት ጢም አለ። “እንዴት ፈጣን ነው!” ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝነቴ! እውነተኛ 20 ሺህ እንኳ በተለመደው ባለ 10 ዋት ቻርጀር ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የእኔው ቶሎ የሞላው የሚሞላ ነገር ስላልነበረው ነው። በኋላ ከጥቅም ሲወጣ አንድ የጥገና ባለሙያ ከፈተልኝ። ከአራቱ ሴሎች አንዱ ብቻ ነበር ሴል። የቀሩት ለክብደት ብለው አሸዋ የሞሉባቸው ቱቦዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፋቸው ሻ… እያለ ይፈስሳል። (እናንተ ግን ራሳችሁ አትክፈቱ። ሊቲየም ከተበሳ እሳት ይነሳል።) ሚዛኑ እንግዲህ ግማሽ ምርመራ ነው፤ አሸዋም ይመዝናልና። ሌላው ግማሽ የሚሞላበት ሰዓት ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ደህና ዕቃ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል “ሬትድ ካፓሲቲ” (በእርግጥ የሚወጣው መጠን) የሚል ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ቁጥር አለው። 20 ሺህ ብሎ ከሥሩ 12 ሺህ ምናምን ቢል አትደንግጪ። እውነቱን እየነገረሽ ነው።

የመኪና ባትሪ ይሻላል ላለው ወንድማችን። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቦታው ላይ ነው ነገሩ። ባለ 50 አምፒር ባትሪ በወረቀት ላይ 600 ዋት ሰዓት ይዟል። ግን ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፣ ከተገለበጠ አሲዱ ይፈስሳል፣ ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ ይጎዳል። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ለቅጽበት ብዙ ኃይል ለመስጠት ነው፤ ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሰጥ አይደለም። ኢንቨርተሩ ደግሞ ሌላ በሊታ ነው። ምንም ሳይሰካበት ራሱ ብዙ ዋት ይበላል። በ5 ዋት አምፖል ምክንያት 10 ዋት ልታወጡ ነው። 12 ቮልቱን ወደ 220 አውጥቶ፣ አምፖሉ ውስጥ መልሶ ወደ ትንሽ ቮልት ማውረድ ከአዘዞ ፒያሳ ለመምጣት በደባርቅ መዞር ማለት ነው። ጎርጎራ ላይ መኪናችሁ ከድንኳኑ አጠገብ ከቆመ ግን ባትሪ መግዛትም አያስፈልግም። በላይተሩ ሶኬት ላይ የዩኤስቢ ማገናኛ ሰክታችሁ አምፖሉን አብሩ። በአንድ ምሽት 20 ዋት ሰዓት ጤነኛ የመኪና ባትሪ አይጎዳም፤ ጠዋት ይነሳላችኋል።

አሁን ወደ አንቺ ሐሳብ ልምጣ። ወንድምሽን አታስቸግሪው፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። ለመንገደኛ የሚፈቀደው የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ነው፤ እሱም በእጅ ሻንጣ ብቻ። ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው። ከ160 በላይ በእጅም ሆነ በጭነት ሻንጣ አይገባም። 300 እንግዲህ አይታሰብም። ያ “50 ሺህ” እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ 185 ስለሆነ፣ አይሳፈርም። ወንድምሽ ማምጣት ከፈለገ እውነተኛ 20 ሺህ ፓወር ባንክ ያምጣ፤ 74 ስለሆነ በእጅ ሻንጣው ይገባል። ወደ ጭነት ሻንጣ ግን እንዳይከተው ንገሪው።

ፓወር ስቴሽን ከነጭራሹ አይረባም ማለቴ አይደለም። ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩንና ቴሌቪዥኑን ጭምር የሚያንቀሳቅስ ከፈለጋችሁ እዚሁ ፈልጋችሁ ግዙ። ስትገዙ “ሊቲየም አይረን ፎስፌት” የሚለውን ምረጡ። ከተለመደው ሊቲየም ይከብዳል፣ ግን ከ2,000 ጊዜ በላይ ሞልቶ መጨረስን ይችላል፣ ሙቀትም አያስቆጣውም። ለአንድ አምፖል ብቻ ግን ለዶሮ በሬ ማረጃ ቢላ መሳል ነው።

አሁን ስለ ብርዱ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው። ወደ ግጭና ጨነቅ ከዘለቃችሁ 3,600 ታልፋላችሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ታያላችሁ።

ልጆች ሆነን የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ እንደ ብቅል። ከዚያ መልሰን ስንከተው ዜና እስኪያልቅ ድረስ ይናገራል። ትልልቆቹ ይስቁብን ነበር፤ እኛ ግን አልተሳሳትንም። ባትሪ ውስጥ ኃይል የሚመጣው በኬሚካል ሥራ ነው፤ ሥራው ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይንቀራፈፋል። ብርድ ላይ የሞተ የመሰለ ባትሪ ብዙ ጊዜ አልሞተም፣ ቆፈን ይዞት ነው። ስለዚህ ፓወር ባንኩን ድንኳን ደጃፍ ጥላችሁ አትደሩ። በመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ፣ ወይም በጋቢ ጠቅልላችሁ አጠገባችሁ አሳድሩት። ምሽት ላይ አምፖሉ ውጭ ይሰቀል፤ ፓወር ባንኩ ግን በረጅም ገመድ ጃኬት ኪስ ውስጥ ወይም በካልሲ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለት ሜትር ገመድ እዚህ ላይ ከሁለት ሺህ ሚሊአምፒር ይበልጣል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብርድ ላይ ሊቲየም ኃይል መስጠቱ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም። መሙላት ግን ይጎዳዋል። ከዜሮ በታች ሆኖ ከተሞላ ውስጡ የሊቲየም ብረት ይጋገርበታል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። ሶላር ይዛችሁ ከሆነ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች በውርጭ ያደረ ባትሪ ላይ አትሰኩ። ቁርሳችሁን ብሉ፣ ቡናችሁን አፍሉ፣ ባትሪው ይሙቅ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ሰኩት። ለሁለት ሌሊት ግን ሶላሩን ራሱን ባትሸከሙት እመርጣለሁ። 10 ዋት የሚለው በጥሩ ፀሐይ 6 ቢሰጥ ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ተቀምጦ ሲጠበቅ። እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭላዳ ስትከተሉ ነው የምትውሉት።

አምፖሏ ለመቀመጫው ናት። ለእግራችሁ ግን እያንዳንዳችሁ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ። ገደል አፋፍ ላይ ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው ሁለት እጁ ነፃ መሆን አለበት። በስልክ መብራት አይሆንም፤ ስልኩ ከእጅ አምልጦ ከገባ ዋልያ እንኳ አያወጣውም። በዩኤስቢ የሚሞላ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ገመዱም ከፓወር ባንኩ ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። በድንጋይ የሚሠራ ካላችሁ አትጣሉት፤ ትርፍ ድንጋዩን ግን የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ስትመለሱ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ርካሹ ድንጋይ ከርሞ ያፈስና መገናኛውን ያዝገዋል።

ታዲያ አንድ ዘዴ ላሳይሽ። የግንባር ባትሪውን በሞላ የሃይላንድ ውሃ ላይ መብራቱ ወደ ውስጥ እንዲያይ አድርገሽ እሰሪው። ውሃው ብርሃኑን ይበትነውና ጠርሙሱ በሙሉ እንደ ፋኖስ ይበራል። ድንኳን ውስጥ ለመተኛት ለሚዘጋጅ ሰው ከዚህ የተሻለ መብራት አላውቅም።

የአምፖሉ ቀለም ነጭ ሳይሆን ቢጫ ይሁን። ጎርጎራ ላይ የሐይቁ ትንኝ ወደ ነጩ ይሰበሰባል፤ ወደ ቢጫው ይቀንሳል። አጎበሩ ግን አይቀርም፣ ወባ በቀለም አይታለልም።

ሻማ፣ ኩራዝ፣ ከሰል፣ ድንኳን ውስጥ በጭራሽ! የድንኳን ጨርቅ በደቂቃ ነው የሚነደው። ከሰሉ ደግሞ ሳይነድም ይገድላል፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ስለዚህ ነገር ብዙ አላወራም።

አሁን የምትገዙት እንዲህ ነው። አንድ እውነተኛ 20 ሺህ ፓወር ባንክ፣ ለመብራት ብቻ። ብርሃኑ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ቢጫ፣ ባለ 5 ዋት የዩኤስቢ አምፖል። ሁለት ሜትር ገመድ። ስድስት የግንባር ባትሪ። አምስት ሆናችሁ ለምን ስድስት? ያለ ስካውት፣ ያለ ፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ ፓርኩ ውስጥ አይገባም፤ እሱም ከእናንተ ጋር ነው የሚያመሸው። የእሱ ባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ከሆነ ብታበድሩት ደስ ይለዋል። መንገዱ እንዴት እንደሆነም ከመነሳታችሁ በፊት ደባርቅ ደውላችሁ አጣሩ።

ከዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ሞክሩት። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚሰካበት መብራት በጣም ትንሽ ከሆነ “ምንም የለም” ብሎ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ድንኳን ውስጥ የምትሰቀለዋ ባለ አንድ ዋቷ ላይ ይህ ሊደርስባችሁ ይችላል። አንዳንዱ ቁልፉን ሁለቴ ሲጫኑት ለትንሽ መብራት የሚሆን አሠራር አለው፤ ከሌለው ሌላ ግዙ። ትልቋን አምፖል ደግሞ አንድ ሐሙስ ማታ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ በሙሉ ብርሃኗ አብሪያትና ተኚ። ቤታችሁ ለኪዳን ወይም ለሱብሂ የሚነሳ ሰው ካለ አደራ በይው፤ 10 ሰዓት ላይ አሁንም የምትበራ ከሆነ ዕቃው እውነተኛ ነው። ድርግም ብላ ከተገኘች ዓርብ ጠዋት ደረሰኙን ይዛችሁ ሻጩ ዘንድ ሂዱ። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።